ምን አጥፍቶ ነው ከኋላ የሚነሳው?

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ሲደውልልኝ «ዶክተር፣ ስለ ሕክምና አይሁን፤ ከሙያሽ ውጪ ስለምትወጂው ነገር ተናገሪ» ብሎ ነው የጠየቀኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ እሺ አልኩ። ርዕሱን ስነግራቸው በስልኩ ማዶ ትንሽ ዝም ተባለ። «ፎርሙላ ዋን? የመኪና ውድድሩ?» አዎ፣ የመኪና ውድድሩ። ያውም ስለ ሹፌሮቹ አይደለም፤ ስለ ሞተሩ ደንብ ነው። የሕክምና ጓደኞቼ ከወዲሁ ስልካችሁን ስታወጡ አያለሁ። ዲውቲ ያለባችሁ ውጡ፣ ግድ የለም፤ የሌለባችሁ ግን መልሳችሁ ኪስ ውስጥ ክተቱት።

አንድ ነገር ላስቀድም። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተነሣው ከልጄ ጥያቄ ነው። ኦገስት 2022፣ እሁድ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ቤልጂየም ውስጥ ስፓ በሚባለው ሜዳ ውድድር ሊጀመር ነው። ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ቅዳሜ ዕለት ማክስ ቬርስታፐን ከሁሉም የፈጠነ ሰዓት ሲያስመዘግብ አብረን አይተናል። እሁድ ግን መኪናው 14ኛ ቦታ ላይ ቆሟል።

«እማዬ፣ ትናንት አንደኛ አልወጣም እንዴ?»

«ወጥቷል።»

«ታዲያ ምን አጥፍቶ ነው ከኋላ የሚነሳው?»

«እሱ ምንም አላጠፋም። ሞተሩ ተቀይሮ ነው።»

«ሞተር መቀየር ጥፋት ነው?»

እኔም ማስረዳት ጀመርኩ። አንድ ሹፌር ለዓመቱ ሙሉ የሚፈቀድለት ሦስት ሞተር ነው፤ ሦስት ቱርቦ፤ ሁለት ባትሪ፤ ከዚያ ደግሞ... ገና ሳልጨርስ «እሺ» አለኝ። እንዲህ ዓይነቱን «እሺ» እኛ ሐኪሞች በደንብ እናውቀዋለን። ታካሚ ያልገባውን ነገር ተሸክሞ ከክፍላችን ሲወጣ የሚለው «እሺ ዶክተር» ነው። ቬርስታፐን ከ14ኛ ተነስቶ ውድድሩን አሸነፈ፤ ልጄም ጥያቄውን እዚያው ረሳው። እኔ ነኝ ያልረሳሁት።

የሞተር ፍቅር ያወረሱኝ አባቴ ናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና ሶማሌ ተራ መካኒክ ነበሩ። የአንድን ሞተር ሕመም ለማወቅ ረጅም ካቻቪቴ ያነሡና ጫፉን ቴስታታው ላይ፣ እጀታውን ጆሮአቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ «ባልቮላ ነው» ይላሉ፤ ሲፈታም ባልቮላ ነው። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ የመጀመሪያውን ስቴቶስኮፕ ይዤ ቤት ስገባ ከአንገቴ ላይ ወስደው፣ ጊቢ ውስጥ የቆመውን መኪና አስነሥተው ሞተሩን አዳመጡበት። ሲጨርሱ መለሱልኝና «ካቻቪቴው ይሻላል» አሉኝ።

አባቴን ያነሣሁት የድሮው የፎርሙላ ዋን የሞተር ደንብ እሳቸው ቡና እየጠጡ ለጎረቤት ሊያስረዱት የሚችሉት ዓይነት ስለነበረ ነው። የዓለም ሻምፒዮናው በ1950 ሲጀመር የሞተሩ ደንብ አስኳል ሁለት ቁጥር ነበር። አየር በራሱ የሚስብ ሞተር ከ4.5 ሊትር አይበልጥም፤ አየር በኮምፕረሰር በግድ የሚጋት ሞተር ከ1.5 ሊትር አይበልጥም። ስንት ሲሊንደር ይኑረው? እንደፈለግህ። ስንት ይመዝን? እንደቻልክ። በ1966 ቁጥሮቹ ተቀይረው 3 ሊትር እና 1.5 ሊትር ሆኑ እንጂ መንፈሱ ያው ነበር።

በዚያ መንፈስ ነው ኪት ዳክዎርዝ የሚባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ፣ ከፎርድ በተገኘ 100,000 ፓውንድ፣ ኮስዎርዝ ዲኤፍቪ የተባለውን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር የሠራው። በ1967 ሆላንድ ዛንድቮርት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ፤ ጂም ክላርክ በዚያው ቀን አሸነፈበት። ይኸው አንድ የሞተር ዓይነት እስከ 1983 ድረስ 155 ውድድር አሸንፏል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ለሽያጭ መቅረቡ ነው። ገንዘብ ያለው ትንሽ ቡድን ገዝቶ፣ ጋራዡ ውስጥ ከመኪናው ጋር አጋጥሞ፣ ከትልልቆቹ ጋር ይሰለፍ ነበር። አባቴ ይህንን ሞተር ቢያገኙት በአንድ ሳምንት ፈትተው ይገጥሙት ነበር ብዬ አምናለሁ። ሴት ልጅ ስለ አባቷ እንዲህ ብታምን አይፈረድባትም።

እንግዲህ ውስብስብነቱ እንዴት መጣ? የመጣው በቀዳዳ ነው። ያ «1.5 ሊትር በግድ አየር» የሚለው ሐረግ ለዓመታት ማንም ሳይነካው ተቀምጦ ነበር። በ1977 ሬኖ ቱርቦ የገጠመ መኪና ይዞ ሲልቨርስቶን ብቅ አለ። መጀመሪያ ሁሉም ሳቀበት። ቢጫዋ መኪና እየጨሰች ትቆም ስለነበር «ቢጫዋ ጀበና» የሚመስል ስም አወጡላት፤ በእነሱ አነጋገር የሻይ ጀበና መሆኑ ነው። በ1979 ዲዦን ላይ ስታሸንፍ ሳቁ ቆመ። በ1983 በቱርቦ የተነዳ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን አወጣ፤ በ1986 ደግሞ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጭራሽ አይፈቀድም ተባለ። አንድ ሊትር ተኩል የሆነች ሞተር፣ ማለትም ከቤት መኪናችን የማትበልጥ፣ ከ1,000 ፈረስ ጉልበት በላይ ታወጣ ጀመር።

ያን ጊዜ ደንብ አውጪው ደነገጠ። ጉልበቱን በቀጥታ መከልከል አይቻልም፤ ስለዚህ ወደ ሞተሩ የሚገባውን ነገር መገደብ ጀመረ። በ1984 አንድ መኪና ለውድድሩ ከ220 ሊትር በላይ ነዳጅ እንዳይዝ፣ በመሐልም እንዳይሞላ ተባለ። በ1986 ወደ 195 ሊትር ወረደ። በ1987 የቱርቦው ግፊት ከ4 ባር እንዳያልፍ፣ በ1988 ከ2.5 ባር፣ ነዳጁም 150 ሊትር ብቻ። ይህ ሁሉ ቱርቦውን ለማዳከም ነበር። ውጤቱስ? በ1988 ማክላረን በሆንዳ ቱርቦ ከ16 ውድድር 15ቱን አሸነፈ። በ1989 ቱርቦ ጠቅላላ ታገደ።

ከዚያ በኋላ ያለውን 25 ዓመት በፍጥነት ልለፈው። 3.5 ሊትር፣ ኢሞላ ላይ በ1994 ራትዘንበርገርና ሴና ካለፉ በኋላ 3 ሊትር፣ በ2006 ደግሞ 2.4 ሊትር ባለ ስምንት ሲሊንደር። የ2006ቱን ደንብ ላነበበው ግን አንድ ነገር ተለውጧል። የሲሊንደሮቹ ማዕዘን 90 ዲግሪ ይሁን ይላል፤ ስፋታቸው ከ98 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፣ ክብደቱ ከ95 ኪሎ አይነስ ይላል። ድሮ ደንቡ አጥር ነበር፣ ከአጥሩ ውስጥ የፈለግኸውን ትዘራለህ። አሁን ዘሩንም፣ ቦዩንም፣ መኮትኮቻውንም ደንቡ ሰጠህ። ይህንን ያደረጉት ሞኞች ስለሆኑ አይደለም። አምራቾቹ በየሳምንቱ አዲስ ሞተር እየሠሩ ገንዘባቸውን ሲያቃጥሉ ቆም ለማሰኘት ነው። እያንዳንዱ አንቀጽ ከጀርባው አንድ የሆነ ነገር አለ፤ ወይ አደጋ፣ ወይ ወጪ፣ ወይ አንድ ብልህ ሰው ያገኘው ቀዳዳ።

እውነተኛው ዝላይ 2014 ነው። ሞተር የሚለው ቃል ራሱ ቀረ፤ «የኃይል አሃድ» ተባለ። ስድስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው አባቴ የሚያውቁት ነው፣ 1.6 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር። ሁለተኛው ቱርቦው ነው። ሦስተኛው መኪናው ፍሬን ሲይዝ የሚባክነውን ጉልበት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ፣ ሲያስፈልግም 120 ኪሎ ዋት መልሶ የሚገፋ ሞተር ነው። አራተኛው፣ ኤምጂዩ-ኤች የሚሉት፣ ከሁሉም የረቀቀው ነው። ቱርቦው ዘንግ ላይ ይቀመጥና በማርሚታ በኩል ሊወጣ ከነበረው ትኩስ ጭስ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ቱርቦው ሲዘገይ ደግሞ በኤሌክትሪክ ይዘውረዋል። አምስተኛው ባትሪው፣ ስድስተኛው ሁሉን የሚያዝዘው ኤሌክትሮኒክስ ነው።

ደንቡም ስለ ሊትር ማውራቱን ትቶ ስለ ኃይል ፍሰት ማውራት ጀመረ። ለውድድሩ 100 ኪሎ ነዳጅ፤ በየትኛውም ቅጽበት የፍሰቱ መጠን በሰዓት ከ100 ኪሎ አይብለጥ። ከባትሪው ወደ ሞተሩ በአንድ ዙር 4 ሜጋ ጁል፤ ከፍሬኑ ወደ ባትሪው በአንድ ዙር 2 ሜጋ ጁል። ከኤምጂዩ-ኤች የሚመጣው ግን ገደብ የለውም። የውስጥ ደዌ ሐኪሞች፣ ይህ የምን ሰንጠረዥ እንደሚመስል አያችሁ? የፈሳሽ ሚዛን ነው! የገባና የወጣ። እኔ መጀመሪያ ሳነበው የኩላሊት ታካሚ ቻርት የያዝኩ ነው የመሰለኝ።

ችግሩ፣ ይህን ሁሉ ተመልካች አያየውም። ሊትር የሚታይ ነገር ነው፤ ሞተሩን ፈትተህ ትለካዋለህ። የነዳጅ ፍሰትን ግን የሚያውቀው ታንኩ ውስጥ የተቀበረ መለኪያ ብቻ ነው። በ2014 የመጀመሪያው ውድድር፣ ሜልቦርን ላይ፣ አውስትራሊያዊው ዳንኤል ሪካርዶ በአገሩ ሕዝብ ፊት ሁለተኛ ወጥቶ ሽልማቱን ተቀበለ። ከሰዓታት በኋላ ውጤቱ ተሰረዘ። ፍሰቱ ከተፈቀደው አልፏል ተባለ። ቡድኑ ሬድ ቡል «መለኪያችሁ ነው የተሳሳተው፣ የእኛ ስሌት ትክክል ነው» ብሎ ይግባኝ አለ፤ አልተሳካለትም። እንግዲህ ከሁለቱ ማን ልክ እንደነበር እኔ አልፈርድም። ነገር ግን ላቦራቶሪው አንድ ቁጥር ሲሰጣችሁ፣ ታካሚው ደግሞ ሌላ ነገር ሲነግራችሁ አንድ ሌሊት ያደራችሁ ሁሉ ክርክሩን ታውቁታላችሁ። ያ በአውስትራሊያ ሰገነት ላይ የነበረ ሕዝብ ግን ያጨበጨበለት ልጅ ለምን እንደተቀጣ በዓይኑ ሊያየው የሚችል አንዳች ነገር አልነበረም።

በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ነገሩ ቀልድ ሆነ። ማክላረንና ሆንዳ እንደገና ተጋብተው ሞተሩ አልበረክት አላቸው። በ2015 እዚያው ስፓ ላይ፣ ቅጣቱን በአንድ ጊዜ ለመጨረስ ሲሉ ክፍሎቹን ደጋግመው ቀየሩ። የሁለቱ ሹፌሮች የመነሻ ቦታ ቅጣት ሲደመር 105 ቦታ ሆነ። ሰልፉ ላይ የቆሙት መኪኖች 20 ናቸው! በ20 መኪና ሰልፍ ላይ 105 ቦታ ወደ ኋላ ሂድ የተባለ ሰው የት ይቆማል? ቤልጂየምን ለቆ ፈረንሳይ ሳይገባ አይቀርም። ኋላ ላይ ከ15 ቦታ በላይ የተቀጣ በቃ መጨረሻ ይነሣ ብለው አስተካከሉት።

እስከዚህ ሳቅን። ቀጥሎ ያለው ግን አያስቅም።

በ2019 የፌራሪ መኪና ቀጥታ መንገድ ላይ ያላት ፍጥነት ተቀናቃኞቿን አጠራጠራቸው። ከመለኪያው ዓይን ተሰውሮ ነዳጅ ይገባል የሚል ሐሜት በረታ። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ሞተሩን መረመረ። በፌብሩዋሪ 2020 መጨረሻ ከፌራሪ ጋር ስምምነት ላይ ደርሻለሁ፣ ዝርዝሩ በምስጢር ይያዛል የሚል አጭር መግለጫ አወጣ። ሰባት ቡድኖች በጋራ ተቃወሙ። ፌዴሬሽኑም መለሰ። የመልሱ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ሞተሩ ሁልጊዜ በደንቡ ውስጥ ነበር ብለን ሙሉ በሙሉ አልረካንም፤ ነገር ግን ጉዳዩ ካለው ውስብስብነት የተነሣ፣ ጥሰት መኖሩን በማያሻማ ማስረጃ ማሳየት ስለማይቻል፣ ክስ ብንመሠርት መቋጫ ማግኘቱ እርግጠኛ አይደለም። ፌራሪ በበኩሉ ምንጊዜም ደንቡን አክብሬ ነው የሠራሁት አለ። በ2020 መኪኖቹ ላይ ሁለተኛ የፍሰት መለኪያ ተገጠመ፤ ፌራሪም በዚያ ዓመት በአምራቾች ደረጃ ስድስተኛ ወጣ። ይህ ማስረጃ አይደለም፤ ቡድን በብዙ ምክንያት ይደክማል።

እኔን የገረመኝ የፌራሪ ጉዳይ አይደለም። ደንቡን የጻፈው፣ መለኪያውን የመረጠው፣ መርማሪውን የቀጠረው አካል «አልረካሁም፣ ግን ማሳየት አልችልም» ማለቱ ነው። ሕግ አውጪው የገዛ ሕጉን አንብቦ መፍረድ ሲያቅተው ማለት ነው። የሕግ ምሩቃን እዚህ አላችሁ፣ ይህን ከእኔ የተሻለ ታውቁታላችሁ። የመምህራንን የደረጃ ዕድገት መመሪያ አንብባችሁ የምታውቁ ደግሞ ከፊት ወንበር ላይ እየሳቃችሁ ነው።

አሁን ስለ ሕክምና አላወራም ያልኩትን ላፍርስ።

ከዓመታት በፊት በምሠራበት አንድ ሆስፒታል የስኳር ሕመምተኞች ደማቸው አሲድ ሆኖ ሲመጡ፣ እኛ ዲኬኤ የምንለውን ማለቴ ነው፣ እንዴት እንደሚታከሙ መመሪያ የሚያዘጋጀውን ኮሚቴ የመራሁት እኔ ነበርኩ። ስንጀምር አንድ ገጽ ነበር። ሐኪም ላልሆናችሁ አንዲት ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ለእነዚህ ታካሚዎች ኢንሱሊን መድኃኒታቸው ነው፤ ነገር ግን ኢንሱሊን ፖታሲየምን ከደም ወደ ሴል ስለሚያስገባ፣ የታካሚው ፖታሲየም ቀድሞውኑ ዝቅ ያለ ከሆነ ልብ ምቱን ሊያዛባው ይችላል። ስለዚህ ያኔ በነበረው አሠራር ከ3.3 በታች ከሆነ መጀመሪያ ፖታሲየሙ ይተካ፣ ኢንሱሊኑ ይቆይ ነበር። ይህች አንድ መስመር ናት።

ከዚያ በየስብሰባው አንድ ሰው «ባለፈው እንዲህ ሆኖ ነበር» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ሆኖ ነበር። አንድ አንቀጽ ይጨመራል። ፋርማሲው የራሱን ሠንጠረዥ አመጣ። የጥራት ክፍሉ የፊርማ ቦታ ጠየቀ። ለልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለኩላሊት ታካሚዎች የተለየ ክፍል ተጻፈ። ሁሉም ትክክል ነበር፤ አንዷንም መስመር ያለ ምክንያት አልጨመርናትም። ሲያልቅ 11 ገጽ ሆነ፤ እኔም ኮርቼበት ፈረምኩ።

አንድ ሌሊት ወጣት ታካሚ መጣች። ተረኛው ኢንተርን ነበር፤ ጎበዝ ልጅ፣ ጠንቃቃ። መመሪያውን ከገጽ 1 ጀምሮ ተከተለ። ክብደቷን መዘገበ፣ ፈሳሹን አሰላ፣ ሣጥኖቹን ሞላ፣ ፈረመ። የኢንሱሊን ትዕዛዙ ገጽ 4 ላይ ነበር። የፖታሲየም ማስጠንቀቂያው ገጽ 7 ላይ፣ ሠንጠረዥ ውስጥ፣ ከሌሎች ስምንት ነገሮች ጋር። ሊነጋጋ ሲል የልቧ ምት ተዛባ። ደርሰንላት ተረፈች፤ ከሳምንት በኋላ በእግሯ ወጣች።

በግምገማው ስብሰባ «ኢንተርኑ የመመሪያውን ገጽ 7 አልተከተለም» ተብሎ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። እኔም በስብሰባው ነበርኩ። ዝም አልኩ። ዝም ብቻ አይደለም፣ ፈረምኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በኮሪደር አገኘሁትና «ለምን አላነበብከውም?» አልኩት፤ እንደ ታላቅ እህት ልመክረው ፈልጌ። «ዶክተር፣ እኔ እኮ አንብቤዋለሁ» አለኝ። «በተራ ነው ያነበብኩት። ገጽ 7 ስደርስ ኢንሱሊኑ ተጀምሯል።»

ያን ቀን ማታ ምን እንዳደረግሁ ባልነግራችሁ ይሻላል። በማግስቱ ለአስተዳደሩ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ጥፋቱ የመመሪያው አሠራር ነው፣ መመሪያውም የእኔ ነው ብዬ። ደብዳቤዬ ከልጁ ማስጠንቀቂያ ጎን ፋይል ውስጥ ገባ። ማስጠንቀቂያው ግን አልወጣም። አንድ ጊዜ የተጻፈ ወረቀት የሚወጣበት ደንብ የለም ተባልኩ። ልጄ በዚያ እሁድ «ምን አጥፍቶ ነው ከኋላ የሚነሳው?» ሲለኝ፣ ቬርስታፐን አልነበረም ፊቴ ላይ የመጣው።

እንዲህ ስል ግን የድሮው ቀላል ደንብ ይመለስ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። የቪ10 ድምፅ ናፍቆናል የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኔም ይናፍቀኛል። ነገር ግን ውስብስቡ ደንብ የሰጠውን መካድ ደግሞ ግፍ ነው። ተራ የቤንዚን ሞተር ከነዳጁ ጉልበት አንድ ሦስተኛውን ያህል ቢጠቀም ነው፤ ሌላው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። መርሴዲስ በ2017 ብሪክስዎርዝ በሚባለው የእንግሊዝ መንደር ያለው ፋብሪካው የሠራው ሞተር፣ በመፈተኛ ማሽን ላይ፣ ከግማሽ በላዩን ሥራ ላይ እንዳዋለ አስታወቀ። ነዳጁ ባይገደብ ኖሮ ይህን የሚደክምለት አይኖርም ነበር። አባቴ ይህን ሳይሰሙ ማለፋቸው ይቆጨኛል።

የዚያ ፋብሪካ ነገር ደግሞ ለእኛ ለሐኪሞች ሌላ ታሪክ አለው። ማርች 2020 ኮቪድ እንግሊዝን ሲያጥለቀልቅ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን መሐንዲሶችና ሐኪሞች ከብሪክስዎርዝ ሰዎች ጋር ተቀመጡ። ታካሚውን ቱቦ ሳያስገቡ በጭምብል ግፊት ያለው አየርና ኦክስጅን የሚሰጥ፣ ሲፓፕ የምንለውን፣ አንድ የቆየ መሣሪያ ፈትተው እንደገና ነደፉት። ከመጀመሪያው ስብሰባ እስከ መጀመሪያው መሣሪያ መቶ ሰዓት አልሞላም። የውድድር ፒስተንና ቱርቦ ይሠሩ የነበሩ 40 ማሽኖች ወደ ሲፓፕ ሥራ ዞሩና 10,000 መሣሪያ ተሠራ። ንድፉም በነጻ ተለቀቀ። በዚያን ሰሞን እኛ እዚህ ሲሊንደር እየቆጠርን ኦክስጅን የምናካፍል ነበርን፤ ዜናውን ስሰማ ቀናሁ፣ ደስም አለኝ። ለዓመታት በሚሊ ሜትር ሽራፊና በጥብቅ ቀነ ገደብ የተቀጠቀጠ እጅ ነው ይህን የሠራው። (ስለ ጎማ ቅየራና ስለ ለንደኑ የሕፃናት ሆስፒታል የምታውቁ እሱን ለምን አላነሣችም ትሉ ይሆናል። ያቺ ታሪክ በየሥልጠናው ስለተነገረች ዛሬ ትረፍ።)

ዘንድሮ፣ በ2026፣ ደንቡ እንደገና ከሥሩ ተለውጧል። ያ የረቀቀው ኤምጂዩ-ኤች ወጣ። በጣም ውድ፣ ለአዲስ ገቢዎች በጣም ከባድ ስለነበር ነው። ሲወጣ ኦዲ ገባ፤ ሬኖ ግን በ2025 መጨረሻ ሞተር መሥራቱን አቆመ። የኤሌክትሪኩ ጉልበት ከ120 ወደ 350 ኪሎ ዋት አድጎ ከቤንዚኑ ጋር ሊስተካከል ደረሰ። ነዳጁም ከድፍድፍ ዘይት የማይወጣ፣ ዘላቂ የሚባለው ሆነ፤ ስለዚህ ፍሰቱ በኪሎ መለካቱ ቀርቶ በሜጋ ጁል ሆነ። እንግዲህ አንድ ትልቅ ነገር ቀንሰው ስንት ትንንሽ ነገር እንደጨመሩ አስሉት። ቢሆንም አክብሬአቸዋለሁ። ከራስ ሥራ ውስጥ የረቀቀውን፣ የተኮራበትን ክፍል ማውጣት ምን እንደሚያም አውቃለሁና።

የእኛ መመሪያ አሁን አንድ ገጽ ነው። የመጀመሪያው መስመር፣ በትልልቅ ፊደል፣ ፖታሲየም ነው። ቁጥሩ ካልተጻፈበት የኢንሱሊኑ ሣጥን እንዳይሞላ አድርገን ነው የሠራነው። አሥሩ ገጽ አልተጣለም፣ ለማስተማሪያ ተቀምጧል። አዲሱን ገጽ ለማጽደቅ ከማቅረቤ በፊት ማታ 9 ሰዓት ላይ ድንገተኛ ክፍል ይዤው ሄድኩና ተረኛዋ ነርስ እጅ ላይ አስቀመጥኩት። «ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» አልኳት። ሁለት ቦታ ቆመች። ሁለቱንም ቦታ ቀየርኩ። ያ ኢንተርን አሁን ሌላ ከተማ ስፔሻሊስት ነው፤ ገጹን ላኩለትና «ፊደሉ አንሷል» ብሎ መለሰልኝ። አተለቅነው።

ልጄ አሁን 13 ዓመቱ ነው። የዘንድሮውን ደንብ ከእኔ በፊት አንብቦ፣ ስለ ሜጋ ጁሉ ሊያስረዳኝ ይሞክራል። እኔም «እሺ» እለዋለሁ።

ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ፣ ሰብሳቢው እያዩኝ ነው። ሜካኒካል ምህንድስና የምታስተምሩ መምህሮቻችን፣ ስለ ቱርቦው የተሳሳትኩት ነገር ካለ በሻይ ሰዓት አርሙኝ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዣለሁ።